በጣም ጥሩ ተብሎ የተጻፈው

«በቤታችሁ በምን ቋንቋ ትነጋገራላችሁ? እንግሊዝኛስ ምን ያህል ይችላሉ?»

ያን ዕለት የሕዝብ ቆጣሪው ሥራ ቦታቸው ድረስ መጥቶ እናትየዋንና አሥሩን የሥራ ጓደኞቿን አሰልፎ ይጠይቃል። የቲማቲም ማሸጊያው አለቃ ከቆጣሪው አጠገብ እንደ ችካል ተገትሯል። እንግሊዝኛ የማትችል ሴት ከማሸጊያው ጠረጴዛ ተነስታ ወደ ማጠቢያው እንደምትላክ፣ እዚያም ጣቷ እስኪደነዝዝ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንደምትውል ሁሉም ያውቃል።

ከፊቷ የቆመችው ጎረቤቷ፣ አፏ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» የሚሏት፣ ዓይኗን በጨው አጥባ «ቤትም እንግሊዝኛ ነው የምናወራው፤ በጣም ጥሩ እችላለሁ» አለች። የቀሩትም እሷን ተከተሉ፤ እናትየዋም ተከተለች። ቆጣሪው የጠየቃቸው በገዛ ቋንቋቸው ነበር፤ በዚያው ቋንቋ እንግሊዝኛ እንደሚችሉ ሲነግሩት ቅንድቡን እንኳ ሳያነሳ ጻፈ።

ከሥራ በኋላ ግን አሥራ አንዱም ሴቶች የሚሄዱት ወደ እንግሊዝኛ ትምህርት ነው። እናትየዋን እዚያ ያስገባት ሐኪም ቤት ነው። የአሥር ዓመት ልጇ መሃል ቆማ የእናቷን የማህፀን ሕመም አንድ በአንድ ስታስተረጉም፣ እናትየዋ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ብቻዬን እገባለሁ ብላ ምላለች።

ቀጠሮው ሁለት ወር ሲቀረው መምህርቷ ደብዳቤ ይዛ መጣች። በቆጠራው መሠረት በአካባቢው እንግሊዝኛ የማይችል ስለሌለ ትምህርቱ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል።

እናትየዋ በነጋታው ልጇን አስከትላ የቆጠራው ጽሕፈት ቤት ገባች። ጸሐፊው በቆጠራው ዕለት የተሞላውን ቅጿን አወጣና በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር ተናገረ። ሦስት ቃል ብቻ ያዘች። እንዳልገባት ሲያይ ወደ ልጅቷ ዞረ።

«እማ፣ እንግሊዝኛ በጣም ጥሩ እንደምትችይ ንገሪያት አለኝ።»

እናትየዋ ጣቷን ቅጹ ላይ አሳረፈች።

«ዋሽቻለሁ በይው። የዋሸሁትም አለቃችንን አጠገቤ አቁመው ስለጠየቁኝ ነው። እሱስ? እኔን ለማናገር አንቺን እየፈለገ፣ የትኛው ዓይኑ ነው ይኼን ወረቀት የሚያምነው?»

ልጅቷ አመነታች።

«እንዳለ ንገሪው። እንዳታለዝቢው።»

ልጅቷ ጆሮዋ እስኪቀላ ድረስ ነገረችው። ጸሐፊው ቅጹን መልሶ መሳቢያው ውስጥ አስገባና፣ ማረም የሚቻለው በሚቀጥለው ቆጠራ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው አለ። ይኼንንም ልጅቷ አስተረጎመች።

ማታውን ሬዲዮን በር ላይ አግኝታ ምን አባሽ አስቀባጠረሽ አለቻት። ሬዲዮም፣ የአንቺንስ አፍ ማን ያዘው አለች። እናትየዋን ከሁሉ ይልቅ ያበገናት ይኼ ነበር፤ እውነት ነውና።

የቀጠሮው ቀን ልጅቷ ከትምህርት ቀርታ ከእናቷ ጋር ሐኪሙ ክፍል ገባች።

መምህርቷ ወደ ከተማ ሄዳለች። ሬዲዮና ሁለት ሴቶች እዚያ ትምህርትም ሥራም አለ ብለው ተከተሏት። ስምንቱ ማሸጊያው ቀርተዋል፤ እናትየዋም ከስምንቱ አንዷ ናት።