ዱንጉዛ የለበሰው ማሽን

ሲስተር ሰብለ የዳሞታ ተራራ ጉም ሳይነሳ ሶዶ ካለው ሆስፒታል ደረሰች። ጋዋኗን ለበሰች፤ ጫማዋን ቀየረች፤ ከአዳሪዋ ነርስ የሕፃናቱን ክፍል ተረከበች። መስኮቶቹን ከፈተች። ወለል ላይ ያደሩት አስታማሚዎች ምንጣፋቸውን እየጠቀለሉ ነበር፤ አንዲት እናት ከቤት የመጣላትን የቡላ ገንፎ አጠገቧ ላሉት ታካፍላለች። ሰብለ ከአልጋ አልጋ እየዞረች ትኩሳት ለካች፤ መድኃኒት ሰጠች፤ ሌሊት ሲያስመልሰው ያደረውን ልጅ አንሶላ አስቀየረች። ጊዜው ከ2002ቱ ምርጫ በኋላ የገባው ክረምት ነበር። ዝናቡ በርትቶ፣ የሳንባ ምች የያዛቸው ሕፃናት ከየወረዳው ይመጣሉ።

በመጨረሻ መስኮቱ ሥር ወዳለው አልጋ ሄደች። እዚያ የተኛው ቤኒ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ ከገሱባ አካባቢ የመጣ ልጅ ነው። እናቱ አራስ ስለሆነች የሚያስታምመው አባቱ ባዳቾ ነበር።

«እንዴት አደረ፣ አቶ ባዳቾ?»

«ተኝታ አደረች ሲስተር። ደረትዋ እንደ ትናንት አይዘልም።»

የባዳቾ አማርኛ ገበያ ላይ የለመደው ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም በአንድ ይጠራዋል። ሰብለ ግን ስለ ልጁ የሚለው ገባት። እውነቱን ነው፤ ቤኒ ሲተነፍስ በጎድኖቹ መሀል ያለው ሥጋ እንደ ትናንቱ አይሰረጎድም። ጣቱ ላይ የሰካችው መለኪያም ኦክስጅን እንደበቃው አሳየ። ለሙከራ ቱቦውን ከአፍንጫው ፈቀቅ ስታደርገው ግን ቁጥሩ ወዲያው ወረደ፤ ከንፈሩም መጥቆር ጀመረ። ፈጥና መለሰችው።

«ገና ነው» አለች። «ለጊዜው ከዚህ ማሽን መለየት የለበትም።»

ማሽኑ ራስጌው ቆሞ ያጉረመርማል። የክፍሉን አየር ከጀርባው ባለው ወንፊት ስቦ፣ ኦክስጅኑን ለይቶ በቀጭን ቱቦ ይሰጣል። በክፍሉ ያለው እሱ ብቻ ነው። ከሆስፒታሉ በጀት የተገዛም አይደለም። የሶዶ ቅቤ ነጋዴዎች፣ መምህራን፣ የማርያም ማኅበርተኞች፣ የጸሎት ቤት መዘምራን፣ አዲስ አበባ ያሉ የወላይታ ልጆች አዋጥተው ያመጡት ነው። እሱ ከመምጣቱ በፊት፣ የኦክስጅን ሲሊንደር ባለቀ ቁጥር ሰብለ ሕፃን ታቅፋ ወደ ሌላ ሆስፒታል የሚወስድ መኪና በር ላይ ትጠብቅ ነበር። መኪናው ያልደረሰላቸው አሉ። ስማቸውን አታነሳም።

ረፋዱ ላይ መዋጮውን ያስተባበሩት ሴቶች መጡ። ከፊት እትዬ የማርያምወርቅ፣ ጡረታ የወጡ የባልትና መምህርት፤ ከኋላቸው ፈጠነች የምትባል ቅቤ ነጋዴና ሌሎች የማኅበሩ ሴቶች። ለሁለተኛ ማሽን ሊያዋጡ አስበው፣ አስቀድመው የመጀመሪያውን በዓይናቸው ለማየት ነው የመጡት።

«ልጃችን ይኼ ነው?» አሉ እትዬ የማርያምወርቅ ማሽኑን እያዩ።

«ልጃችንስ አልጋው ላይ ያለው ነው፤ ይኼ አማች ነው» አለች ፈጠነች። «ሲያጉረመርም አይሰሙትም?»

አስታማሚዎቹ ሳቁ። ባዳቾም ፈገግ አለ።

እትዬ የማርያምወርቅ ከዘንቢላቸው ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ዱንጉዛ፣ የወላይታን የባህል ልብስ፣ አወጡ። በማሽኑ ልክ ተሰፍቶ ጠርዙ በክር ተዘምዝሟል።

«የከበረ እንግዳ አገራችን ገብቶ ዱንጉዛ ሳይለብስ ይቀራል?» አሉ። «ይኼ ደግሞ የልጆቻችንን ነፍስ የያዘ እንግዳ ነው። ከአቧራም ይጠብቀዋል።»

«እኔ ይኼን ሁሉ ዘመን ጎረቤትዎ ሆኜ መቀነት እንኳ ሰጥተውኝ አያውቁም» አለች ፈጠነች።

«አንቺ መቼ ቆመሽ ልለካሽ?»

ሰብለ ወደ ወንፊቱ ተመለከተች። የማሽኑ ጀርባ መሸፈን እንደሌለበት፣ ከታፈነም እንደሚግል ታውቃለች፤ ከግድግዳው እንኳ አርቃ የምታቆመው እሷ ናት። ልትናገር አፏን ከፈተች። የእትዬ የማርያምወርቅ ዓይን ደክሟል፤ ያንን ጠርዝ እንዴት አድርገው እንደዘመዘሙት እግዜር ይወቅ። አሁን በሰው ሁሉ ፊት «አይሆንም» ይባሉ? ደግሞስ ሁለተኛው ማሽን የሚመጣው በማን እጅ ነው? ባለፈው ሳምንት አንዱን ቱቦ ለማን እንደምታደርግ ሁለት ሕፃናት መሀል ቆማ ያሳለፈችው ሰዓት ትዝ አላት።

«እጅዎ ይባረክ፣ እትዬ» አለች። እስኪወጡ ነው፣ ከዚያ አነሳዋለሁ ብላ ለራሷ ነገረች።

አለበሱት። ዱንጉዛው ከአናቱ እስከ ወለል ወረደ። ወዲያው ጥበቃው ቶማ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«ሲስተር፣ ከሃላሌ የመጣች ልጅ ያንቀጠቅጣታል። ቶሎ ድረሺ።»

ሰብለ ሮጠች። በሩ ላይ ዘወር ስትል፣ ሴቶቹ አሁንም ማሽኑን ከበው የልብሱን እጥፋት ያስተካክላሉ።

ድንገተኛ ክፍል የገባችው ልጅ በትኩሳት ትነድዳለች፤ ዓይኗ ወደ ላይ ተገልብጧል። የደም ሥሯ አልገኝ አለ። ሰብለ አንዱን እጅ ትታ ሌላውን ያዘች፤ እሱንም ትታ ወደ እግሯ ወረደች። የልጅቱ እናት ኮርኒሱን እያየች በወላይትኛ ትጸልያለች። አንድ ነገር ሰብለን ከውስጥ ይጎነትላታል፤ ምን እንደሆነ ለማሰብ ግን መርፌው ጊዜ አልሰጣትም። መድኃኒቱ ገብቶ ልጅቱ ረገብ ስትል፣ ከኮሪደሩ ማዶ የማያቋርጥ ቀጭን ጩኸት ተሰማ።

ያን ጊዜ ገባት።

ስትደርስ ሴቶቹ ሄደዋል። ማሽኑን መንገድ እንዳይዘጋ ብለው ከግድግዳው አስጠግተውታል። ቀይ መብራት በርቷል፤ ማጉረምረሙ የለም። ባዳቾ ልጁን ታቅፎ ቆሟል። የቤኒ ከንፈር ጠቁሯል።

ዱንጉዛውን ገፍፋ ጣለችው። የማሽኑ ጎን ያቃጥላል። ነቀለች፤ ሰካች፤ አልተነሳም። ሲሊንደሩ ሊሞላ ከሄደ ሰንብቷል። በእጅ የሚጨመቀውን የትንፋሽ ፊኛ ከመሳቢያ አውጥታ በልጁ አፍና አፍንጫ ላይ ገጠመችው።

«ቶማ፣ ባጃጅ» አለች ተከትሏት የመጣውን ጥበቃ። ድምጿን አላነሳችም።

ሲሊንደር ያለው ሌላው ሆስፒታል ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። ባጃጁ በዝናቡ ውስጥ ወጣ። የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ በከብትና በሰው ተሞልቷል፤ ሹፌሩ እየለመነ፣ እየተሳደበ ይሾልካል። ሰብለ ፊኛውን ትጨምቃለች፤ ትለቃለች፤ የልጁ ደረት ከፍ ማለቱን ታያለች፤ ደግሞ ትጨምቃለች። እጇ ዛለ። አንድ ጊዜ ደረቱ ከፍ ያለ አልመሰላትም። አገጩን ቀና አድርጋ ቀጠለች።

«ሞቃ ነበር» አለ ባዳቾ ልጁን ጭኑ ላይ እንደያዘ። «ማሽንዋን ነካሁ፤ ሞቃ ነበር። ግን ትልቅ ሰው ነው ያለበሰው። ሌላ ሰው ያከበረውን እኔ እንዴት እገፋለሁ? በእኛ ነውር ነው።» ልጁን አጥብቆ ይዞ ጨመረ፦ «አንቺም አይተሽ ዝም አልሽ። ስለዚህ ደግ ነው አልኩ።»

ሊወቅሳት ፈልጎ አልነበረም። ሰብለ ዓይኗን ከልጁ ደረት አላነሳችም። ጨመቀች፤ ለቀቀች።

ደረሱ። የዚያኛው ሆስፒታል ሰዎች ልጁን ከእቅፋቸው ተቀበሉ፤ ኦክስጅን ገባለት። ሰብለ ግድግዳ ተደግፋ ቁጥሩን ተመለከተች። ብዙ ጊዜ አልንቀሳቀስ አለ። ከዚያ ትንሽ ወጣ፤ ደግሞ ትንሽ። የቤኒ ከንፈር ቀላ። አለቀሰ። ባዳቾ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

በማግስቱ ባለሙያው ማሽኑን ፈታው። አየር የሚገፋው ሞተር ተቃጥሏል፤ መለዋወጫውም አገር ውስጥ አይገኝም አለ።

ሰብለ ከሥራ ስትወጣ እትዬ የማርያምወርቅ ቤት ሄዳ የሆነውን ሁሉ፣ የራሷንም ዝምታ፣ ነገረቻቸው። ፈጠነች እዚያ ነበረች፤ አንድም ቀልድ አልተናገረችም።

«ልጁስ?» አሉ እትዬ የማርያምወርቅ።

«ተርፏል።»

«ተመስገን» አሉ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። «ብትነግሪኝ ኖሮ እቀየማለሁ መሰለሽ? ተቀይሜስ ቢሆን፣ ቅያሜ ሰው ይገድላል?»



«እንግዲህ እንደገና መዞር ነው» አለች ፈጠነች። «ግን ከጊፋታ በፊት ሰው ገንዘቡን ለዘመን መለወጫ በሬው ነው የሚያስቀምጠው። በዓሉ ካላለፈ እጁን አይፈታም።»

ለሁለተኛው ታስቦ የነበረው መዋጮ ለመጀመሪያው ምትክ ሆነ። እሱም የሚጀመረው በዓሉ ሲያልፍ ነው። ዝናቡ አላባራም፤ ሕፃናቱም ከየወረዳው መምጣታቸውን አላቆሙም። በሕፃናቱ ክፍል አሁን ኦክስጅን የሚሰጥ ማሽን የለም።