ነገ ወደ ባሕር ዳር

«የነገው መኪና ሞልቷል» አለ ቲኬት ቆራጩ ሞላ፣ ዓይኑን ከደረሰኙ ላይ ሳያነሣ።

ይሻው ዞር ብሎ ተመለከተ። በደብረ ታቦር መናኸሪያ በር ላይ ተሳፋሪ ጠሪው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ «ባሕር ዳር የነገ! ወንበር አለ!» ይላል።

«ያ የሚጮኸው ታዲያ ለማን ነው?»

«አይቸኩሉ፣ አያ ይሻው። ሐይቁ የትም አይሄድብዎትም።»

መንገዱ ሦስት ሳምንት ተዘግቶ የተከፈተው ትናንት ነበር። የስልክ መስመሩ ግን እንደ ጠፋ ነው። ከመጥፋቱ በፊት ልጁ ብርቱካን ከባሕር ዳር ደውላ፣ «አባዬ፣ እማዬን ይዘሃት ና። ከተከራየሁት ቤት እስከ ሐይቁ መቶ እርምጃ አይሞላም። ዘንባባው ሥር ተቀምጣችሁ ሻላ የሚባሉት ወፎች ዓሣ ሲያጠምዱ ታያላችሁ» ብላው ነበር። ሚስቱ ፈንታነሽ ከርብ ወንዝ የሰፋ ውሃ አይታ አታውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም።

ከመናኸሪያው ወጥቶ ወደ ወዳጁ ወደ ከማል ሱቅ ገባ።

«ያን ቢጫ ጃንጥላ አውርድልኝ። የሐይቁ ዳር ፀሐይ ፈንታነሽን እንዳያከስልብኝ። ዋጋውን እንደ ልማድህ በእጥፍ ጥራና እንጣላ።»

ከማል ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር መልስ አጥቶ አያውቅም። «አንተ ቁንጫ ገፈህ ሌጦ የምትሸጥ» ብሎ ነበር የሚጀምረው። ዛሬ ግን ጃንጥላውን አወረደ፤ አቧራውን በመዳፉ ጠረገ፤ ከዚያም መልሶ ሰቀለው።

«ነገ ራሴ ይዤልህ እመጣለሁ። ጠዋት ቤትህ ነህ አይደል?»

ከማል የይሻውን ደጅ የሚረግጠው ለበዓልና ለለቅሶ ብቻ ነው። በዓሉ ገና ሩቅ ነበር።

ይሻው ከጉና ተራራ በሚወርደው ቀዝቃዛ ነፋስ ውስጥ ቆሞ ነገሩን አሰላሰለው። ይህን አነጋገር ያውቀዋል። ሠላሳ ዓመት የእድሩ መርዶ ነጋሪ እሱ ነው። በዚህ አገር ሞት በስልክ አይነገርም፤ በመንገድም አይነገርም። ሟቹ በሩቅ ከሆነ ወሬው ሰፈሩን ሁሉ አዳርሶ ወደ ባለቤቱ የሚደርሰው በመጨረሻ ነው። ሐዘንተኛው ከቤቱ እንዳይርቅ በሰበብ አስባቡ ይያዛል፤ እህል ቀምሶ እንዲተኛ ይደረጋል፤ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ይቆማሉ። ከፊታቸው የሚቆመው ሁልጊዜ ይሻው ነበር።

ነገ እንግዲህ መርዶ አለ ማለት ነው። አንድ ቤት ሊፈርስ ነው፤ መንገደኛ ነው ብለው ለእሱ እስካሁን አልነገሩትም፤ ሞላና ከማል ግን ከመንገድ የሚያስቀሩት ሽማግሌዎቹን እንዲመራ ይሆናል። ቅር አለው። ይህን እያሰበ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ፈንታሁን አቀና።

ፈንታሁን ከሁለት ሰዎች ጋር የድንኳኑን ሸራ ፀሐይ ላይ ይዘረጋል። ሲያዩት ወሬያቸው ተቋረጠ።

«ነገ ማን ቤት ነው?» አለ ይሻው። «ያለ እኔ መርዶ መንገር ለመዳችሁ እንዴ?»

ሁለቱ ሰዎች ፊታቸውን አዞሩ። ፈንታሁን የሸራውን ጫፍ ከእጁ ለቀቀው።

«ፈንታነሽ እህል ቀምሳለች?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ያን ጥያቄ ይሻው በሰው ሁሉ ደጅ ጠይቆታል። ከራሱ በቀር ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ሰምቶት አያውቅም። የግቢውን ግንብ ተደገፈ። «ብርቱካን» ብሎ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ ስሟ ከወጣ ግን ፈንታሁን ወይ ይዋሻል፣ ወይ ይናገራል። የሁለቱንም ድምፅ ይሻው አሳምሮ ያውቀዋል። አፉን ገጠመ።

«አልቀመሰችም» አለ።

«እንግዲያው ሂድ። አብራችሁ ብሉ።»

ከቤቱ ሲደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ፈንታነሽ አልጋው ላይ በሶውን፣ ማሩንና የብርቱካንን ጥልፍ ቀሚስ ደርድራ ስንቅ ትቋጥራለች።

«ቲኬቱን ቆረጥህ?»

ሌላውን ሐዘንተኛ ሲያስተኛ ይህ ውሸት ከብዶት አያውቅም ነበር።

«ቆረጥኩ።»

«ተመስገን! እንግዲህ ጉማሬ አየሁ ብለህ ጥለኸኝ እንዳትሮጥ። ሮጠህም የትም አትደርስ፤ ጉልበት እንደሆነ የለህ።»

ሳቀች። ይሻው መሶቡን ራሱ አንሥቶ ከፊቷ አኖረው።

«ዛሬ ምን ነካህ? መሶብ የምታቀርበው አንተ!»

«መንገደኛ ባዶ ሆዱን አያድርም። ብዪ።»

ከእጁ ጎረሰች፤ እያላመጠችም ስለ ነገ ማቀዷን አላቋረጠችም። መጀመሪያ ወደ ውሃው ይወርዳሉ ወይስ ወደ ልጃቸው ቤት? ደንገሉ ውስጥ የሚሄደው ታንኳ ሁለት ሽማግሌ ይችላል? ይሻው ለእያንዳንዱ መልስ ሰጠ። ከአጥሩ ውጭ የሰው ኮቴ መጥቶ ቆመ፤ ቆየና ተመልሶ ራቀ።

«አንድ ነገር ግን ማልልኝ» አለች። «የልጄን በር ስናንኳኳ አንተ ከኋላዬ ሁን። ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው እኔን ይሁን።»

«እሺ» አለ ይሻው። «አንቺ ትቀድሚያለሽ።»

ሌላ ጉርሻ ጠቀለለና ወደ አፏ አቀረበው።