ልንካዎት?

7.

በተግባር ፈተናው ወቅት በተማሪ ላይ ጉዳት ደርሷል?

☐ አዎ  ☐ አልደረሰም

ከሰባት የጀመርኩት መቁጠር ጠፍቶኝ አይደለም። ከአንድ እስከ ስድስት ያሉትን ሞልቼ ጨርሻለሁ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ አሠልጣኝ፣ የሠለጠንኩበት ሰዓት (ሁለት መቶ)። የቀረችኝ ይቺ ናት። ቅጹ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መግባት አለበት። አሁን ዘጠኝ ተኩል ነው፤ እኔ ደግሞ የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ እስክሪብቶ አኝካለሁ። ስለዚህ ከአንድ እስከ ስድስት ያለውን ለእናንተ እንደገና ልሙላው፤ ቅጹ ባልጠየቀኝ መንገድ።

1. ስም

ትርሲት። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ስድስት ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ፤ "እባክዎ በመስመር ላይ ይጠብቁ" የምትለዋ እኔ ነበርኩ። የሰደባችሁኝም ካላችሁ ይቅር ብያለሁ። ከመቀመጥ ብዛት ጀርባዬ ሲያዝ ዮጋ ጀመርኩ፤ ጀርባዬ ሲለቀኝ ሥራውን ለቀቅኩ። እናቴ "ሰው ወለል ላይ አስተኝቶ ደመወዝ አለ?" እያለች እስካሁን ትገረማለች።

አለ። ሰኞ አንድ ሆቴል ውስጥ የዮጋ መምህርት ሆኜ ሥራ እጀምራለሁ፤ የምስክር ወረቀቱን ካሳየሁ። ካላሳየሁ ሌላ ሰው ይጀምራል። ፈታኟ ከናይሮቢ የምትመጣው በዓመት አንዴ ነው፣ ዛሬ ማታ ትመለሳለች። "አዎ" ላይ ምልክት ካደረግኩ ውጤቴ ታግዶ የዛሬ ዓመት እንደገና እፈተናለሁ። ነገሩ ይኸው ነው።

2. ካርዱ

ማሠልጠኛችን ውስጥ እያንዳንዱ የዮጋ ምንጣፍ ጫፍ ላይ ካርድ ይቀመጣል። አረንጓዴው ገጽ "መምህሯ ነክታ ልታስተካክለኝ ትችላለች" ማለት ነው። ቀዩ "አትንኩኝ" ነው። ለምን ተብሎ አይጠየቅም። አሠልጣኛችን ሜላት "ቀይ ማዞር ነውር አይደለም" እያለች አምስት ወር ሙሉ ለፈፈች።

በአምስት ወር ውስጥ ቀይ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው። ነፋስ ገልብጦት። ባለቤቱ ሰውዬ ደንግጠው "ይቅርታ፣ እኔ አይደለሁም" ብለው ወደ አረንጓዴ መለሱት።

እኛ አገር ፊት ለፊት "አትንኪኝ" የሚል አለ? ይሉኝታ ይዞት ይሞታል እንጂ።

3. አምስት ሰው

ለፈተናው አምስት ተማሪ ይዘሽ ነይ ተባልኩ። አራቱ የድሮ መሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ናቸው። አምስተኛዋ ጓደኛዬ በዋዜማው ቀረች። ይሄን ደረጃው ላይ ስናገር እትዬ አሰገደች ሰሙኝ።

እትዬ አሰገደች ከእኛ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው ይኖራሉ። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ አንደኛ ክፍል አስተምረዋል፤ እኔንም። ጣቶቼን በጣታቸው ይዘው "ሀ"ን ያስጻፉኝ እሳቸው ናቸው።

"ሰው ፍለጋ አትባዝኚ። እኔ እመጣለሁ" አሉ። ፈተናው ትናንት ማሠልጠኛው አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፣ ሊፍቱ አይሠራም። በማለዳ ቀድመውኝ ደረሱ።

የጤና ቅጽ ሰጠኋቸው። *ጉዳት ወይም ሕመም ካለዎት ይግለጹ፦*

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።"

ምን ዓይነት ጽሕፈት መሰላችሁ። አንድ ፊደል ከመስመር አልወጣም። አምስቱም ተማሪዎቼ ይህንኑ ነው የጻፉት፤ ተመስገን ደግሞ የታመመውም ያልታመመውም የሚለው ነው። እኔ የእትዬን ጽሕፈት አደነቅኩና ፋይል ውስጥ ከተትኩት።\*

\* የሥልጠናው መጽሐፍ "ተማሪህን አንድ ጊዜ ጠይቅ፤ መልሱንም አክብር" ይላል። ይሄን የጻፈው ሰው እኛ ቤት ምሳ በልቶ አያውቅም። እኛ ቤት እንግዳ መጀመሪያ "በልቼ ነው የመጣሁት" ይላል። ሁለተኛ ሲለመን "ኧረ ጠግቤያለሁ" ይላል። እጁን የሚታጠበው ሦስተኛው ላይ ነው። ይሄን ማንም ሳያስተምረኝ አውቃለሁ። እሳቸውን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅኩ፣ እሱንም በወረቀት።

4. ከፈተናው ቪዲዮ የተገለበጠ፣ ደቂቃ 31

እኔ፦ እጃችንን ከጀርባ እናቆላልፍ። ጎንበስ እንበል። ትንፋሽ ወደ ውስጥ።

(ወደ እትዬ አሰገደች እሄዳለሁ። ካርዳቸው አረንጓዴ ነው። ፈታኟ ቀና ብላ ታየኛለች።)

እኔ፦ ልንካዎት?

እትዬ አሰገደች፦ እንዴታ።

እኔ፦ ወደ ውጪ እንተንፍስ።

(ክንዳቸውን ከፍ አደርጋለሁ።)

(ድምፅ።)

እኔ፦ ተመቸዎት?

እትዬ አሰገደች፦ በጣም። በርቺ።

(ፈታኟ ትጽፋለች።)

4. እንደገና

ድምፅ።

ትናንት ማታ ስንት ጊዜ መልሼ እንደሰማሁት አልነግራችሁም። ጭራሮ ሲሰበር ዓይነት ነው። ወለሉ ሊሆን ይችላል። መስኮቱም ሊሆን ይችላል። ወለሉ እንዲሆን ጸለይኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ዛሬ ጠዋት ሜላት ጋ ደወልኩ።

"ሴትዮዋ ምን አሉ?" አለችኝ።

"'በርቺ' አሉ።"

"እና? ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቢያማቸው ይናገሩ ነበር።"

"አንቺ ቢያምሽ ትናገሪ ነበር?"

"ትርሲት፣ ዘጠና አንድ ነው ያገኘሽው። አርፈሽ ቅጹን ሙዪ" አለችኝና ዘጋችው።

ዘጠና አንድ ከሁላችንም ትልቁ ነው። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም።

5. የተማሪዎች አስተያየት

ፈተናው እንዳለቀ ተማሪዎች አስተያየት ይጽፋሉ። ወረቀቶቹን የገለጥኳቸው ዛሬ ከምሳ በኋላ ነው። የጓደኞቼ አራቱ "አሪፍ ነው" እና "ወገቤ ለቀቀኝ" ዓይነት ናቸው። አምስተኛው እንዲህ ይላል፦

"ጎበዝ መምህርት ናት። ትለፍልኝ።"

መጀመሪያ የማን እንደሆነ ጠፋኝ። ፊደሎቹ ተንጋደዋል፣ መስመሩን ለቀው ወደ ታች ወርደዋል። እንዲህ ጽፌ ባቀርብ ኖሮ እትዬ አሰገደች ደብተሬን መልሰው "እንደገና" ይሉኝ ነበር።

ከሥር ስም አለ። አሰገደች ወልደሰማያት።

የጤና ቅጹንና ይሄን ጎን ለጎን አደረግኳቸው። በመካከላቸው ያለው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ያ ጽሕፈት እንዲህ የሚሆንበት አንድ መንገድ ብቻ ታየኝ።

ግራ እጅ።

6. አጠያየቅ

ከተቀመጥሽበት ደረጃ ተነሺ። ቅጹን አጥፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ። በራቸውን አንኳኪ።

በግራ እጃቸው ከፈቱልኝ። በዚህ ሙቀት ቀኝ ትከሻቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል።

"አለፍሽ?" አሉኝ ገና ሳልገባ።

"አንድ ቅጽ ይቀረኛል። እትዬ፣ ትከሻዎን ልንካዎት?"

"ኧረ ምን ሆኜ። ይልቅ ተቀመጪ።"

ተቀመጥኩ። ቀስ ብዬ ስለ ጽሕፈታቸው አነሳሁ። ጥቂት አንገራገሩና "ሰኔ ላይ ዝናብ ነው፣ ይሄው ደረጃ አዳልጦኝ ነበር። የቆየ ነገር ነው፣ ካንቺ ጋር አይገናኝም" አሉ።

"ታዲያ ቅጹ ላይ ለምን አልጻፉትም?"

"ብጽፈው አስወጥተሽኝ አምስተኛ ሰው ከየት ልታመጪ?"

የቆየ ነገር ነው። ሰማችሁ አይደል? እሳቸው ራሳቸው የማምለጫውን በር ከፈቱልኝ። የቆየ ጉዳት በእኔ ፈተና አልደረሰም ብሎ መጻፍ ይቻላል። ሰዓቴን አየሁ፤ አሥር ሰዓት ሊሆን ነው።

"ልንካዎት?" አልኳቸው ደግሜ።

"ተይ እንጂ ልጄ። ሂጂና ቅጽሽን አስገቢ፣ ሰዓት አይሂድብሽ።"

ተነሳሁ። እውነቱን ልናገር ከተባለ፣ ልሄድ ነው የተነሳሁት። መጽሐፉ አንድ ጊዜ ጠይቅ ነው ያለው፤ እኔ ሁለቴ ጠይቄያለሁ። የበሩን እጀታ ይዤ ነበር።

ተመለስኩ። አጠገባቸው ተንበረከክኩና እጄን ወደ ትከሻቸው ዘርግቼ ሳልነካቸው አቆምኩ።

"እትዬ አሰገደች። ልንካዎት?"

እጄን አዩት።

"አይ" አሉ። "አትንኪኝ ልጄ። አልቻልኩትም።"

በአምስት ወር ውስጥ እንዲህ ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ ያፈሩት ግን እሳቸው ናቸው፣ እኔ መሆን ሲገባኝ። ጋቢውን አስተካክዬ ታክሲ ጠራሁ።

7.

ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ። የራጅ ክፍሉ በር ላይ ነኝ። ቅጹ ጭኔ ላይ ነው፤ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክ ይቻላል ብላኛለች ሜላት።

እትዬ አሰገደች ወደ ውስጥ ሲጠሩ ዞር ብለው "'አልደረሰም' በይ። ኃጢአቱን እኔ እሸከመዋለሁ። እሺ በይኝ" አሉኝ።

"እሺ" አልኳቸው።

የጠየቁኝ አንድ ጊዜ ነው፤ እኛ ቤት ደግሞ የሚቆጠረው ሦስተኛው መልስ ነው።

በተግባር ፈተናው ወቅት በተማሪ ላይ ጉዳት ደርሷል?

☐ አዎ  ☐ አልደረሰም