የካፖርቱ ገበር

የእድሩ ሴቶች አልጋውን አወጡ፣ ሶፋውን አወጡ፣ ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፍነው ወደ ጓዳ አስገቡ። የቀረው የልብስ ስፌት መኪናው ነበር። ሁለቱ በግራና በቀኝ ጎንበስ ሲሉ ብዙወርቅ ከፍራሹ ላይ ሳትንቀሳቀስ፣ «እሱን ተዉት» አለች።

አንደኛዋ ቀና ብላ ቦታ እንደሚይዝ፣ ለቅሶ ደራሹ መቀመጫ እንደሚያጣ በትሕትና አስረዳቻት።

«መቀመጫ ያጣ ይቁም። ቆሞ ማልቀስ ማን ከለከለ?»

ሴቶቹ ተያዩ። ለሐዘንተኛ መልስ አይሰጥም፤ ብዙወርቅ ደግሞ ሐዘን ሳይነካትም መልስ የሚሰጣት ሰው አልነበረም። መኪናው ከነካፖርቱ በበሩ ትይዩ እንደቆመ ቀረ።

ካፖርቱ ቀይ ነው፤ ዝናብ የመታው ጡብ ዓይነት ቀይ። ግማሹ መኪናው ላይ ተከምሯል፣ ግማሹ ወደ መርገጫው ተንጠልጥሏል፣ የግራ እጅጌው ላይ መርፌው እንደተተከለ ነው። ባሏ ወልደሚካኤል ማክሰኞ ከምሳ በኋላ እንዲያ አድርጎ ተወው። «እጅጌዋ ብቻ ናት የቀረችኝ፤ ትንሽ ጋደም ልበል» ብሎ መነጽሩን ጨርቁ ላይ አኑሮ ተነሣ። እሷም ዞር ብላ ሳታየው «በል፤ ማን ያዘህ?» አለችው። ሻይ ይዛ ስትገባ እጁ ቀዝቅዞ ነበር። ከዚያ ወዲህ መርፌውን ያነሣው የለም።

ከቀብሩ በኋላ ቤቱ ሞላ፤ ልጇ ሰይፈሥላሴ ደጅ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ይቀበላል። እሷና ባሏ የሠሩበት የጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኞች መጥተው መኪናውን ከበው ተቀመጡ። «እግዜር ያጥናሽ» ይላሉ፤ «አሜን» ትላለች። ሌላው ይገባል፤ «አሜን» ትላለች። አፏ ደከማት እንጂ ልቧ ገና አልጀመረም። አንዱ ሽማግሌ የሻይ ብርጭቆውን መኪናው ላይ ሊያኖር ሲል በዓይኗ ብቻ አስነሣችው።

ጥግ የተቀመጡት ሴቶች ስለ ካፖርቱ ይንሾካሾኩ ጀመር። አንዷ የጠንቋይ ልብስ ነው አለች። ሌላዋ የለም የቲያትር ነው ብላ አረመቻት። ሦስተኛዋ፣ የሰፈሩ ወፍጮ ቤት ባለቤት ሚስት፣ ሰውየው እኮ መጨረሻ ላይ ጃጅቶ ነበር ይባላል ስትል ድምጿ ከሚገባው በላይ ወጣ።

«የጃጀ ሰው ባለፈው ወር፣ ወገብሽ እምቢ ያለውን ጉርድ አያሰፋልሽም ነበር» አለች ብዙወርቅ።

ሴትየዋ ንፍሮዋን መቁጠር ያዘች።

ሻዩን የምታፈላው፣ ንፍሮውን የምታድለው ዙለይኻ ናት። ባሏ የስልጤ ሰው ነው፤ ከመንገዱ በኩል ያለውን የግቢውን ክፍል ተከራይቶ ሱቅ ይዟል። ወልደሚካኤል ከሞተ ጀምሮ ዙለይኻ እግሯ አላረፈም። ብዙወርቅ ግን ብርጭቆውን ትቀበላታለች እንጂ ዓይኗን አትሰጣትም። ከመስቀል ወዲህ ሰላምታዋንም አትመልስላትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙወርቅ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ሣጥኗን ከፍታ ልብሶቿን ፀሐይ ታስመታለች። ዘንድሮ ገመዱ ላይ ከሰቀለቻቸው መሐል አንዱ ጠፋ፤ ፋብሪካ በገባች ጊዜ በመጀመሪያ ደሞዟ ያሰፋችው ቀሚስ። ከጠበባት ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ቢሆንም የእሷ ነው። ግቢው ውስጥ ያለው የሁለት ቤት ሰው ነው። ስም ጠርታ ማንንም አልከሰሰችም፤ በዙለይኻ በር ትይዩ ቆማ ግን፣ «የወሰደው ሰው ለብሶት አደባባይ አይውጣበት» ብላ ረገመች። ሰሞኑን ሙሉ፣ ውኃ ልትቀዳም ስትወጣ፣ ቆሻሻ ልትደፋም ስትወጣ እርግማኗን ደገመችው። ወልደሚካኤል ከመኪናው ላይ ቀና ሳይል፣ «ነፋስ ወስዶት ይሆናል» አለ።

«ነፋስ ቀሚስ ምን ያደርግለታል?» አለችው።

ወልደሚካኤል እንደዚያ ነበር። አፉን የሚከፍተው ለምግብና ለ«ይሁን» ነው። ጣሪያው ያፈስሳል ሲሉት ይሁን፣ ኪራይ እንጨምር ሲሉት ይሁን። ብዙወርቅ ከግድግዳ ጋር ተጋብቼ ኖርኩ ትል ነበር፤ እሱም ሲሰማ ይሁን ይላል። ዕድሜውን ሰማያዊ የሠራተኛ ቱታ ሰፋ። እሷ ፈትል ክፍል ክር ታወጣለች፣ እሱ ስፌት ክፍል ክሯን ይበላል። ጡረታ ሲወጣ መኪናውን በላስቲክ ሸፍኖ፣ ሰማያዊ ጨርቅ ዳግመኛ እንዳላይ አለ። መኪናው ለዓመታት የዳቦ ማስቀመጫ ሆነ።

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጁ ዮዲ ስልኳን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። አባቷ ሰይፈሥላሴ ቂሊንጦ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ስለሚሠራ ዮዲ ያደገችው እነሱ እጅ ላይ ነው። ስልኩ ውስጥ አንዲት የካርቱን ልጅ አለች፤ ባቡር ትነዳለች፣ ከራሷ የሚበልጥ ቀይ ካፖርት ትለብሳለች። ከተማ አንድ አዳራሽ ውስጥ ወጣቶች እንደ ፊልም ሰው ለብሰው የሚሰበሰቡበት እሁድ አለ። ልብሱ ከፊልሙ ጎን ተይዞ ይታያል፤ ያልገጠመ ይሳቅበታል። ዮዲ አያቷን የጠየቀችው ቁልፍ እንዲተክልላት ብቻ ነበር።

እሱ መነጽሩን አመጣ። «አቁሚልኝ» አላት። ልጅቷ ፊልሙን አቆመች። ኋላዋን አሳዪኝ አለ፤ መልሺልኝ አለ፤ እዚያ ላይ ያዢልኝ አለ። የግራው ኪስ ከቀኙ ሁለት ጣት ዝቅ እንደሚል ያየው እሱ ነው። ከቁልፎቹ አንዱ ወንድሞቹን እንደማይመስልም ያየው እሱ ነው። ዮዲ ፊልሙን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ይህን ግን አላየችም። ከሰልባጅ ተራ ወፍራም የሴት ካፖርት ገዝቶ ስፌቱን ሁሉ ፈታ፤ እንደ አዲስ ቆርጦ ጀመረ።

ብዙወርቅ ዝም አላለችም። «ዓይንህ ለዳዊት ይደክማል፣ ለካርቱን ይበራል» አለችው። ኪስህ ተንጋዷል አለችው።

«እንዲያ ነው የሚሆነው» አለ።

አብረው ሲኖሩ እሱ ሲከራከር የሰማችው ያን ቀን ብቻ ነው። ቀና ብላ አየችው። እየሰፋ ይስቅ ነበር።

ያስቸገረው ገበሩ ነበር። የካርቱኗ ካፖርት ውስጡ ቢጫ ነው፤ ቢጫ ሲባል ደግሞ የራሱ የሆነ ቢጫ። እዚያው ሰፈራቸው፣ በሰቃ፣ ያሉትን ሱቆች አዳረሰ፣ ሳሪስ ሄደ፣ መርካቶ ድረስ ወጣ። ቁራጭ ጨርቅ ያመጣና ከስልኩ ጎን ይይዘዋል፤ ይኼ ሎሚ ነው፣ ይኼ በቆሎ ነው እያለ ይጥለዋል። አንድ ቀን ለዮዲ ገበሩን አገኘሁት አላት። አሳየኝ ብትለው፣ እሁድ ታዪዋለሽ ብሎ ወደ ውስጥ አጥፎ ሰፋው። እሁድ አብሯት ሊሄድ ነበር። ከልጁ ሠርግ ወዲህ ቀለም ያልነካውን ጫማውን ጠርጎ፣ ቀብቶ በሩ ሥር አስቀምጦታል። እስካሁን እዚያው ነው።

በሰልስቱ እህቱ ዘርፌሽዋል ከቢሾፍቱ መጣች። ከበሩ ጀምራ ወንድሜ ወንድሜ እያለች ገባች፤ ፎቶውንና ኮቱን አስወጥታ ይዛ አለቀሰች፤ ሰውም አብሯት አለቀሰ። ሲደክማት ተቀመጠችና ዓይኗ መኪናው ላይ አረፈ። ማን እንደነገራት አይታወቅም፣ የእሁዱን ነገር ሰምታለች።

«ልጅቷ ከጥቁር ወጥታ በቀይ ልትጨፍር ነው አሉ። የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ።»

ዮዲ ትሪ ይዛ ቆማ ነበር። «አልሄድም፣ እትዬ ዘርፌ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ሰው ሁሉ የብዙወርቅን መልስ ጠበቀ። እሷ ግን ልጅቷን እያየች ነበር። ዮዲ አያቷ ከሞተ ጀምሮ ስለ ካፖርቱ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ በመኪናው አጠገብ ባለፈች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። እህል የሚባል አልቀመሰችም። የምትፈልገውን አፍ አውጥታ ብትጠይቅ ብዙወርቅ ታውቅበታለች፤ ትቆጣና ትጨርሰዋለች። ያልተጠየቀ ነገር ግን ለቁጣም አይመች።

ቅዳሜ ድንኳኑ ፈረሰ። የእድሩ አግዳሚ ተጭኖ ሄደ፤ ዘርፌሽዋልና ጥቂት ሴቶች ቀሩ። ቤቱ በድንገት ሰፋ፤ መኪናውም ብቻውን መሐል ላይ ቆመ። ብዙወርቅ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች፤ ሄዳ የባሏ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ዘርፌሽዋል።

«ሥራ ላይ ነኝ።»

መነጽሩን አንሥታ ኪሷ ከተተች። የመኪናውን ጎማ በእጇ ወደ ራሷ አዞረችው፤ መርፌው ቀስ ብሎ ወጣ። ያን ሁሉ ቀን የፈራችው ይህን ነበር፤ ከነክሩ ወጣ፣ ሌላ ምንም አልሆነም። እጅጌውን ዘረጋችው። ከዮዲ ክንድ ጋር በሐሳቧ ለካችው፤ ከጣቶቿ አልፎ ጉልበቷ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ቀኙን ዘረጋች፤ እሱም ያው።

ዓይኑ ከድቶት ነበር ማለት ነው። ኪሱን ሲያንጋድድ ብትነግረው አልሰማ አለ፤ አሁን ደግሞ እጅጌውን አበላሽቶ ሄደ። በመጨረሻ ሥራው የከተማ ልጆች ሊስቁበት ነው። እሷ በሕይወት እያለች በወልደሚካኤል ማንም አይስቅም፤ የሚሳቅበት ከሆነ እሷ ትበቃለች። መቀሱን አነሣች።

ዮዲ ከጓዳ ደጃፍ አየቻት። «እማዬ፣ አትቁረጪው።»

«ረዝሟል።»

«እንዲያ ነው የሚሆነው» አለች ልጅቷ እየቀረበች። «የካርቱኗ ልጅ የትልቅ ሰው ካፖርት ነው የለበሰችው። እጅጌው ሁለት ጊዜ ይጠቀለላል። ጋሼ ነው ልክ ያወጣለት።»

ብዙወርቅ መቀሱን አስቀመጠች። እውነቷን ይሆን እንዴ ብላ የእጅጌውን ጫፍ ይዛ አንድ ጊዜ ጠቀለለችው። ገበሩ ወጣ። የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፤ በጠርዙም አንዲት ትንሽ ቡናማ ጠባሳ፣ ካውያ የነካት።

ካውያውን ያስነካችው ራሷ ናት። በዚያ ከገመዱ ላይ በጠፋው ቀሚስ ነበር የፈረቃ ቅያሬ ሰዓት የፋብሪካው በር ላይ ያስቆማት፤ አንድ ቀጭን ልብስ ሰፊ። ቆንጆ ነሽ አላላትም። ክርሽ ይበጠሳል አላት። እጅህ ይሆናል አለችው። በዚያው ጀመሩ።

እጅጌውን ይዛ ቁጭ አለች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሴቶቹ አሁን ወጣላት ብለው ሊይዟት ተነሡ፤ ቀርበው ሲያዩ ትስቃለች። ድምፅ አውጥታ፣ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። ዘርፌሽዋል አማተበችና ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች።

«ዙለይኻ» ብላ ተጣራች ብዙወርቅ።

ዙለይኻ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ከመስቀል ወዲህ በስሟ ስትጠራት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ሌባው ተገኘ» አለቻት ብዙወርቅ። «ረቡዕ ቀብረነዋል።»

ዙለይኻ ቢጫውን ጨርቅ አየች። አልደነገጠችም። «አውቃለሁ፣ እማማ» አለች። «ከገመዱ ላይ አውርደው ኮታቸው ውስጥ ሲከቱት አይቻቸዋለሁ። ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አደራ አሉኝ። እሁድ ስታየው ራሷ ትስቃለች አሉ።»

«ይህን ሁሉ እርግማን ቆመሽ ስትሰሚ?»

«የኔ ስላልሆነ አልከበደኝም።»

ብዙወርቅ አጠገቧ ያለውን ሌላ ወንበር በእግሯ ሳብ አድርጋ፣ ተቀመጪ፣ አንቺም እግር አለሽ አለቻት። እርግማኑ ግን ከጆሮዋ አልወጣም። አደባባይ አይውጣበት ብላ ነበር። በሩ ሥር ያለውን ጫማ አየች፤ ቀለሙ ገና ያበራል።

ሳቋ ቆመ።

ፊቷን ወደ መኪናው መልሳ መርገጫው ላይ እግሯን አሳርፋ የቀረውን እጅጌ ሰፋችው። እሷ ክር አውጪ እንጂ ሰፊ አይደለችም። የእሱ ስፌት እንደ ሐዲድ ቀጥ ብሎ መጥቶ መርፌው የቆመበት ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእሷ ነው፣ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ይላል። ዮዲ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይፈታና በሌላ ሰው ይሰፋልሽ?» አለች ብዙወርቅ።

ልጅቷ አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ወደ ጓዳ ገባች፤ ዙለይኻ ያስቀመጠችላትን ምግብ ስትበላ የሳህን ድምፅ ተሰማ።

እሁድ ጠዋት ዘርፌሽዋል ፍራሹ ላይ ሆና፣ በኔ ዘመን ቢሆን፣ ወንድሜ ቀና ብሎ ቢያይ እያለች ብዙ ተናገረች። ብዙወርቅ ሰምታ ስትጨርስ፣ ቀና ብሎ ቢያይማ መጀመሪያ የሚያየው ስፌቴን ነው፣ ከዚያ ይሁን ይላል አለቻት። ግድግዳ እየያዘች ከዮዲ ኋላ እስከ ግቢው በር ወጣች።

ዮዲ ጥቁር ቀሚሷን አላወለቀችም፤ ካፖርቱን በላዩ ደርባለች። እጅጌዎቹ ወርደው እጆቿን ውጠዋቸዋል። የመንገዱ ሰው ቆም ብሎ ያያል፤ ዙለይኻ ከሱቁ በር ላይ ታያለች።

«ክንድሽን ስጪኝ» አለች ብዙወርቅ።

ቀኙን ጠቀለለች፣ ደግማ ጠቀለለች። ከዚያ ግራውን ያዘች፤ የራሷ የተንጋደደ ስፌት ጣቷ ላይ ሻከራት። አንድ ጊዜ ጠቀለለችው፣ ደገመችው፤ ቢጫው ፀሐይ ላይ ወጣ። ነጠላዋን ከአፏ ገለጥ አድርጋ ገበሩ ላይ እንትፍ እንትፍ አለችበት።

«አደባባይ ውጪበት» አለች፤ የእጅጌውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና ለቀቀችው።