ከኋላ የሚጮኸው ብስክሌተኛ

ሥራዬ መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ማለት ይቻላል ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ፣ ቀኝ እግሬን የአስተማሪ ፍሬን ላይ አድርጌ፣ «መስታወት እይ፣ ፍሬቻ አብራ፣ ማርሽ ቀንስ» ስል ኖሬአለሁ። ሰው ከእኔ ጋር የሚቆየው መንጃ ፈቃዱን እስኪይዝ ነው። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጥሩምባ ነፍቶ ያልፈኛል። አንዳንዱ የሚያልፈኝ ያለ ፍሬቻ ነው፤ ሆን ብሎ ይመስለኛል።

ሰፈሬ ዊንጌት ነው። እዚያም ቢሆን ስሜን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። አጥናፉ የሚለኝ የለም፣ «የውባለም ባል» ነው የምባለው። ባለቤቴ እድርም፣ ማኅበርም፣ ዕቁብም አላት። ለቅሶ ቤት ድንኳን ስገባ ሰዎች ብድግ ይሉና ከኋላዬ እሷን ይፈልጋሉ፤ ከሌለች መልሰው ቁጭ ይላሉ። ሃምሳ ዓመት አልፎኝ ስልክ የሚደውልልኝ ተማሪ ብቻ ነበር፣ እሱም ሊቀር ሲፈልግ።

አንድ እሑድ ውባለም ማኅበር ስትሄድ ቤቱ ጭር አለብኝና ወጣሁ። አዲሱ የብስክሌት መንገድ ዳር ሦስት ሰዎች ብስክሌቶቻቸውን ግንብ አስደግፈው ቆሎ እየቆረጠሙ ይስቃሉ። ልጆች አይደሉም፣ እንደ እኔው ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ ሰዎች ናቸው። ጠጋ ብዬ ብጫወት ደስ ባለኝ፣ ግን ሰው እንዴት ጠጋ እንደሚባል አላውቅም። ስለዚህ የማውቀውን አደረግሁ።

«እዚህ ማቆም ክልክል ነው» አልኳቸው።

ትከሻው ሰፊ የሆነው ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝ። «ትራፊክ ነህ እንዴ ወንድሜ?»

«አይ፣ የመኪና አስተማሪ ነኝ።»

«እንግዲያው ቁጭ በልና አስተምረና» ብሎ ቆሎውን ዘረጋልኝ።

ተቀመጥኩ። ሰውዬው ኡርጌሳ ይባላል። አጠገቡ ያለችው ሶፍያ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ሄልሜቷን ከሻሿ ላይ ነው የምትደፋው። ሦስተኛው ጋሽ መሸሻ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። ሦስቱም የተዋወቁት መንገድ ላይ ነው፤ እየተላለፉ ሰላም ሲባባሉ ቆይተው አንድ ቀን አብረው ቆሙ።

«ብስክሌት ትችላለህ?» አለችኝ ሶፍያ።

«በደንብ» አልኩ። በልጅነቴ እየተከራየሁ ነድቻለሁ። ኡርጌሳ የራሱን ሰጠኝና ወጣሁበት። ሰውነቴ መነሳቱን አልረሳውም፣ መቆሙን ነው የረሳው። የሰው አጥር አቅፌ ቆምኩ። ጋሽ መሸሻ መነጽራቸውን አስተካክለው «ተማሪዎችህን ማቆም የምታስተምራቸው እንዲህ አድርገህ ነው?» አሉኝ። እንዲያ ተስቆብኝ ለምን ደስ እንዳለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። በሳምንቱ ብስክሌት ገዝቼ ቤት ገባሁ።

«ለማን ነው?» አለች ውባለም።

«ለእኔ።»

ብስክሌቱን አየች፣ ቦርጬን አየች፣ «እግዚአብሔር ይጠብቅህ» ብላ ጓዳ ገባች። ጓዳ ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከእነሱ ጋር መውጣት ጀመርኩ። አንዳንዴ በአዲሱ ገበያ በኩል እንዞራለን፣ አንዳንዴ ወደ እጽዋት ማዕከሉ የሚወስደውን ዳገት እንይዛለን። ዳገቱን ነድታ የምትወጣው ሶፍያ ብቻ ናት። ሌሎቻችን ወርደን እንገፋለን። ኡርጌሳና ጋሽ መሸሻ ስላቃታቸው እንደሚገፉ በግልጽ ይናገራሉ፤ እኔ ግን ካቴናው እንዳይበላሽ ብዬ ነው እላለሁ።

ችግሬ ቁልቁለቱ ላይ ነበር። ሁልጊዜ ከኋላ ነኝ፤ ከኋላ ሆኜ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። «ሶፍያ፣ ፍሬን። ጋሽ መሸሻ፣ ቀኝዎን ይያዙ። ኡርጌሳ፣ ሚኒባሱ ሊወጣ ነው፣ ፊቱን ሳይሆን ጎማውን እይ።» አንድ ቀን ሶፍያ ቆማ ጠበቀችኝ።

«አጥናፉ፣ አንተ ከኋላዬ ስትሆን የምነዳው ብስክሌት ሳይሆን ሙሉ ሰው የጫነ አውቶቡስ ይመስለኛል» አለችኝ።

ጥንቃቄዬን ያደነቀችልኝ መስሎኝ ከዚያን ቀን ጀምሮ ይብስ በረታሁ።

የሆነው ሁሉ የሆነው ከክረምቱ በፊት በአንዱ እሑድ ነው። ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ከሶፍያ ኋላ ነበርኩ። አንዲት ሴትዮ በርበሬ ተሸክማ ልትሻገር ስትል አየሁና «ፍሬን ያዢ» ብዬ ጮኽኩ። ሶፍያ ሴትዮዋን ካየቻት ቆይታለች፣ ቀስ ብላ አሳለፈቻት። ቀኝ እግሬ ግን የለመደውን አደረገ፤ የአስተማሪ ፍሬኑን በኃይል ረገጠ። ብስክሌት የአስተማሪ ፍሬን የለውም። እግሬ የረገጠው ፔዳሉን ነው። ብስክሌቱ ተፈናጠረ፣ እኔም ደንግጬ ደግሜ ረገጥኩት። በሶፍያ አጠገብ እንደ ጥይት አልፌ፣ መንገድ ዳር ከተከመረ ጥቅል ጎመን ውስጥ ገባሁ።

ዓይኔን ስገልጥ ጎመኑ እየተንከባለለ ቁልቁል ይወርዳል። የጎመኑ ባለቤት ቡርቱካን የምትባል ሴት ናት፤ ስሟን ያወቅሁት በኋላ ነው። ከላዬ ቆማ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ተርፈዋል?»

«ተርፌአለሁ።»

«እንግዲያው ከጎመኑ ላይ ይነሱልኝ።»

ልነሳ ስል የግራ እጄ አንጓ አልታዘዝ አለኝ። ጋሽ መሸሻ ጎመን ለማቆም ሮጡ። የተፈነካከተውን ጎመን ኡርጌሳና ሶፍያ ተካፍለው ገዙት፣ ከፊሉንም ብስክሌታቸው ላይ አሰሩ። ከዚያ ወጌሻ ዘንድ ወሰዱኝ። ወጌሻው እጄን ሲያሸኝ ያሰማሁትን ጩኸት እዚህ አልጽፈውም፤ ኡርጌሳ ግን ለሰው ሁሉ ያስመስለዋል።

ሦስቱም እስከ ቤቴ መታጠፊያ ድረስ ሸኝተውኝ ተመለሱ። ቤት ተኝቼ አፈርኩ። በቃ፣ ከእንግዲህ ከዓይናቸው ጠፋሁ ብዬ ወሰንኩ። ስልኬንም ዘጋሁ። ማን ይደውልልኛል ብዬ እንደዘጋሁት እንጃ።

በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ በር ተንኳኳ። ውባለም ወጥታ ከፈተች። እኔ ሳሎን ሶፋ ላይ ተጋድሜ እሰማለሁ።

«እንደምን አመሻችሁ፣ ማንን ፈልጋችሁ ነው?»

«የአጥናፉ ጓደኞች ነን፣ ልንጠይቀው መጥተን ነው» አለ የኡርጌሳ ድምፅ።

ውባለም «የቱ አጥናፉ?» አለች።

ተንኮል አልነበረም፣ ከልቧ ነው። በትዳር ዘመናችን ሁሉ «የአጥናፉ ጓደኛ» የሚል ሰው በራችን ላይ ቆሞ አያውቅም። ነገሩ ሲገባት ደንግጣ «ውይ፣ ግቡ፣ ግቡ» እያለች መቀመጫ ማራገፍ ጀመረች። ጋሽ መሸሻ ሙዝና ብርቱካን ይዘዋል። ሶፍያ በሳህን የተሸፈነ ነገር ለውባለም አቀበለቻት። «ጎመን ነው፣ እሱ ራሱ የመረጠው» አለች።

ልቤ ሞልቶ ከአፌ የወጣው «ብስክሌቶቹን በሩ ላይ ካቆማችሁ መንገድ ትዘጋላችሁ» የሚል ነው። ኡርጌሳ ሳቀ። ሶፍያ ግን አልሳቀችም።

«አጥናፉ፣ ይኸውልህ» አለች፤ «እኔ ሠላሳ ዓመት የብቻዬን መንገድ ተሻግሬአለሁ። ከአንተ ጋር የምወጣው እንድትጠብቀኝ ብዬ አይደለም። ወሬ ካለህ አውራኝ።»

ወሬ። አሰብኩ አሰብኩና ከእነዚህ ሰዎች ጋር ወራት ስወጣ ስገባ ከፍሬን በቀር ምንም እንዳላወራኋቸው ገባኝ። ወደ ኡርጌሳ ዞርኩ።

«ለመሆኑ አንተ ሥራህ ምንድን ነው?»

«ዛሬ ገና መጠየቅህ ነው?» አለ። «እንጨት ሥራ። አልጋ፣ ቁምሳጥን እሠራለሁ።» ትንሽ አመነታና «የሬሳ ሣጥንም እሠራለሁ» አለ።

ወደ እኔ ዞሮ ቀጠለ።

«እሑድ ለት ጎመኑ ላይ ተዘርረህ ሳይህ፣ እ... ማለቴ ክፉ አስቤ አይደለም፣ ልማድ ሆኖብኝ ቁመትህን ለካሁት።»

ውባለም «በስመ አብ» ብላ አማተበች፣ ከዚያ ግን ሳቋ አመለጣት። ጋሽ መሸሻ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅ እጄን አመመኝ። ያን ምሽት ሶፍያ መንታ ልጆች እንዳሏት አወቅሁ። ጋሽ መሸሻ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብስክሌት የጀመሩት እሑድ ቤት መዋሉ ከብዷቸው መሆኑንም አወቅሁ። ይህን ሁሉ የጠየቀቻቸው ውባለም ናት። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እንዴት እንደሚጠየቅ አየሁ።

እጄ ሲድን ተመለስኩ። ዝም ማለት አሁንም አልተሳካልኝም። ያቺ «ፍሬን» የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ስትመጣ ወደ ሌላ ነገር ላዞራት እሞክራለሁ፤ አንድ ቀን «ፍሬ... ሬዲዮ ሰማችሁ ትናንት?» ብዬ ሦስቱንም አስቆምኳቸው።

ሐምሌ ውስጥ አንድ እሑድ ጠዋት ዝናቡ ያወርደው ጀመር። ስልኬ ጮኸ። ኡርጌሳ ነው።

«ዛሬ መንዳት የለም» አለኝ።

«እሺ» አልኩና ልዘጋው ስል፣

«ታዲያ አትመጣም?» አለ።

«ወዴት?»

«ሻይ ቤት ነን እኮ፣ ሁላችንም።»

ጃንጥላ ይዤ በእግሬ ሄድኩ። ሄልሜት ያላደረገችውን ሶፍያን ለመለየት በሩ ላይ ትንሽ ቆምኩ። ጋሽ መሸሻ ኮትና ክራቫት አድርገዋል፤ ለካ ያለ ብስክሌት የተከበሩ ሰው ናቸው። እጄን ምን ላይ እንደማሳርፈው አላወቅሁም፣ ሻይ ሲመጣልኝ ብርጭቆውን በሁለት እጄ ያዝኩት። ፉል አዘዝን። ዝናቡ ቆመ፣ ደግሞ ጀመረ፣ ለመነሳት የቸኮለ አልነበረም።

ቤት ስገባ ምሳ ሰዓት አልፏል። ውባለም «ምን ስታወሩ ቆያችሁ?» አለችኝ።

ለማስታወስ ሞከርኩ። «ምንም» አልኳት።

«ምንም ለማውራት ይሄን ያህል ሰዓት?»

«አዎ» አልኩና የረጠበ ጫማዬን ማውለቅ ጀመርኩ።