ርብቃ ከሽቦ ክፍል

ርብቃ ወደ ትውልድ መንደሯ ወደ ወገዳ የገባችው በኅዳር፣ ገብስ ሲታጨድ ነው። አዲስ አበባ ዳር ባለ የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ፣ ሽቦ ክፍል ውስጥ፣ የሚኒባስ ዳሽቦርድ ሽቦ ስትዘረጋ አራት ዓመት ኖራለች። ፋብሪካው ድንገት ሥራ ሲያቆም “እስክንጠራችሁ ድረስ እረፍት ውጡ” ተባሉ።

መንደሩ ግን ይህ አልተዋጠለትም። ጎረቤታቸው ሐረገ ወይን ገና ሰላምታው ሳያልቅ፣ “አንቺ ልጅ፣ ምን አጥፍተሽ ነው? ለእኔ ንገሪኝ፤ አላወራብሽም” አለቻት። ርብቃ ምንም እንዳላጠፋች ብትምልም ሴትዮዋ ራሷን ነቅንቃ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ርብቃ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ የሴቶቹ ወሬ ይቋረጥ ጀመር።

አባቷ ቄስ ወልደ ገብርኤል አንድ ቀን ሲያጭዱ ውለው ጥላ ሥር እንዳረፉ፣ “እስቲ በሚገባኝ አስረጂኝ” አሏት። “ያን የሚያህል ፋብሪካ እንዴት ይቆማል?”

“አባባ፣ ሽቦውን የሚልክልን አንድ አገር ነው፤ ሽቦውን የምናገናኝበትን መሰኪያ የሚሠራው ደግሞ ሌላ አገር። ሁለቱ በቀረጥ ተጣሉና መሰኪያው ድንበር ላይ ቀረ። ማረሻዎ ከንፋስ መውጫ፣ ቀንበርዎ ከእስቴ ይመጣል እንበል። የእስቴ ሹም ቀንበር እንዳይወጣ ቢከለክል ያርሳሉ?”

“በምን ጠምጄ!”

“እንደዚያ ነው። ሰማንያ ሚኒባስ ቀለም ተቀብቶ፣ ጎማ ገብቶለት፣ ጣት ለማታህል ፕላስቲክ ሲባል ቆሞ ቀረ።”

“ታዲያ በሬዎቹ ምን አጠፉ?” አሉ ቄሱ።

ርብቃ እንባዋ እንዳይታይ ተነሥታ ማጨዷን ቀጠለች።

ከሽቦ ክፍል ጓደኞቿ ጋር በቴሌግራም ይጻጻፉ ነበር። ትዕግሥት ዓረብ አገር ሄደች፤ ገነት አግብታ ወደ ሆሳዕና ወረደች። ከገና በኋላ የሚጽፍ ጠፋ። ርብቃ ግን በየማለዳው “እንዴት አደራችሁ?” ትላለች።

በጥር አንድ ሚኒባስ ሰው እንደጫነ ከወገዳ መውጫ ላይ ቀጥ አለ። ርብቃ ገና ከሩቅ ስታየው የፋብሪካዋ ሥራ መሆኑን አወቀች። ሹፌሩን ጣሰውን “ልየው?” ብትለው ሳቀ፤ ተሳፋሪውም ሳቀ። ሌላ መላ ስላጣ ግን ተወላት። ከመሪው ሥር ተንጋላ ገባች። መሰኪያው ቀልጧል፤ መለዋወጫውም ከየትም አይገኝም። ሽቦውን ቆርጣ፣ እርስ በርሱ አያይዛ፣ በናስትሮ ጠቀለለችው። ሞተሩ ተነሣ።

“እህቴ፣ ይህን እጅሽን ቁርጥማት አይንካው!” አለ ጣሰው። “ንፋስ መውጫ የማውቀው ጋራዥ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው አጥቷል። ልውሰድሽ?”

“ፋብሪካው ይጠራኛል” አለችው።

በመጋቢት የሽቦ ክፍሉ አለቃ አዱኛ ደወለላት። “ሥራ ልንጀምር ነው” አላት።

“እሰይ! መቼ ልምጣ?”

“ርብቃ፣ አዲስ መመሪያ ወጥቷል። ሽቦው ተዘርግቶ ያለቀለት ዳሽቦርድ ሲገባ ቀረጡ ረክሷል። እንግዲህ ተሠርቶ ነው የሚመጣው። ሽቦ ክፍል ተዘግቷል። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው።”

አመስግናው ስልኩን ዘጋች። በሳምንቱ አባቷን ተሳልማ ከጣሰው ጋር ንፋስ መውጫ ሄደች።

የጋራዡ ወንዶች ክፉዎች አይደሉም። እሷ ስትገባ ግን ጨዋታቸው ይቆማል፤ ምሳ ሰዓት ተያይዘው ሲወጡም ነይ የሚላት የለም። ዳቦዋን ከመኪና የተፈታ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትበላለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቷ በጎረቤት ስልክ ደወሉ።

“ለመድሽ? ሰውስ አገኘሽ?”

“አገኘሁ፣ አባባ። ብዙ ነን” አለቻቸው።

“ተመስገን!” አሉና ስለ እርሻው ያጫውቷት ጀመር። እሷም መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ስልኩን ከጆሮዋ ሳትነቅል አዳመጠች።