የሚሊዮኖቹ መከዳ

ቤታችን ውስጥ ሟርተኛዋ እኔ ነኝ። ባለቤቴ ሩብ ሰዓት ሲዘገይ ሆስፒታል ልደውል የምል፣ ልጄ አንዴ ስታስል ሳንባዋ የሚታየኝ፣ ሰማዩ ሲጠቁር ዕቃ ከወለል ላይ የማነሣ እኔ ነኝ። «እማዬ፣ አንዳንዴ እንኳ ደህና ነገር ይታይሽ» ትለኛለች ልጄ። ምን ላድርግ? ክፉውን አስቀድሜ ካሰብኩት አፍሮ የሚመለስ ይመስለኛል።

ባለቤቴ ሌላ ሰው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል፤ ቀይ መብራት ሲይዘው እንኳ «አሁን ይለቀናል» የሚል ዓይነት ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ገንዘብ ነበር። ግን የኛ አገር ገንዘብ አይደለም፤ ከጦርነት ገና የወጣች፣ በልጄ ካርታ ላይ እንኳ ፈልጌ ያጣኋት የሩቅ አገር ገንዘብ ነው። ዜሮው ብዛቱ! ቆጥሬ ስጨርስ መልሼ እቆጥራለሁ።

«አሁን ምንም አያወጣም» አለኝ ዓይኑ እያበራ። «ያቺ አገር ግን ነዳጅ አላት። ነገ ስትረጋጋ የገንዘቧ ዋጋ በአንድ ቀን ሰማይ ይነካል። ያኔ አንቺ የሰው ልብስ ዚፕ መቀየር ትተያለሽ።»

«ባይነካስ?»

«ጀመረች!»

የሸጠለት ከአውቶቡሶቹ ጋራዥ ጎን ያለው ሰዓት ጠጋኝ ነው። ሰው ሁሉ «ደቂቃ» ይለዋል፤ ሰዓቴ ደረሰ ወይ ሲሉት «አንድ ደቂቃ» ብሎ ሦስት ቀን ስለሚያቆይ።

እኔ ልብስ አስተካካይ ስለሆንኩ መደበቁ ለእኔ ወደቀ። ከተረፈኝ ሰማያዊ ጨርቅ መከዳ ሰፋሁ፤ ገንዘቡን በላስቲክ ጠቅልዬ ጥጡ መሐል ከተትኩት። እንግዳ መጥቶ ሲቀመጥበት ባለቤቴ ይጠቅሰኝና «ሚሊዮን ላይ ተቀምጠዋል» ይለኛል በጆሮዬ። ልጄ ደግሞ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለች ትስቅብናለች። እኔ አልስቅም ነበር። ሌባው፣ እሳቱ፣ አይጧ በየተራ ይታዩኛል።

ያልታየኝ ዓይኑ ነው።

ሞራ በሁለቱም ዓይኖቹ ላይ እየጋረደ መምጣቱን ደብቆኝ ቆይቷል። የነገረኝ አንድ ቀን ፌርማታ ላይ የቆመች ሴት ምሰሶ መስላው፣ ምሰሶው ሲንቀሳቀስ ፍሬን ረግጦ ቤት የገባ ዕለት ነው። በመንግሥት ሆስፒታል ሞራው ሊገፈፍለት ተመዘገበ፤ ተራው ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው ተባለ። የሾፌሮች የጤና ምርመራ ግን በሚቀጥለው ወር ነው። የዓይኑን ምርመራ ካላለፈ መንጃ ፈቃዱን ይቀማል። የግል ክሊኒክ በሳምንቱ ይሠራለታል፤ የሚጠይቀው ግን የስድስት ወር ደመወዙን ነው።

እዚህ ላይ ያደረግኩትን ልናገር። ሾፌሮቹ የሚመረመሩበት ክሊኒክ ሄጄ፣ ዓይኔን አመመኝ ብዬ፣ ሰሌዳውን አየሁ። ሦስት እግር ያለው ምልክት በአምስት መስመር ተደርድሯል፤ እግሩ ወዴት እንደዞረ ነው የሚጠየቀው፤ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ። ዓመት እስከ ዓመት የማይለወጥ አንድ ሰሌዳ ነው። በቃሌ ይዤ ወጥቼ ወረቀት ላይ ጻፍኩትና ጓዳው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። በየምሽቱ እኔ እየጠራሁ እሱ ይደግማል፤ ልጄ በማስመሪያ ትጠቁምለታለች። አራቱን መስመር እንደ ጸሎት ያዛቸው። አምስተኛው ግን አልያዝልህ አለው።

ያን እያስጠናሁ ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም። ቢያልፍስ? አልፎ ቢነዳስ? ፌርማታው ላይ የቆመችው ልጄ ብትሆንስ?

ስለዚህ ባለቤቴ አንድ ቀን ጠዋት መከዳውን ራሱ አንሥቶ እጄ ላይ ሲያኖርልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩ።

«ውሰጂና መንዝሪው» አለ። «የክሊኒኩን ከሞላልን ይበቃል። ግን አደራ፣ ለዛሬ ብቻ፣ አታሟርቺ።»

«እሺ።»

«አየሽ፣ እሺ ስትይ እንኳ ፊትሽ እንቢ ይላል።»

የመጀመሪያው ባንክ ልጅቷ ገንዘቡን በሁለት ጣቷ ያዘችው። «እናቴ፣ ይሄ ዝርዝራችን ላይ የለም።» ሁለተኛው ባንክ ዘበኛው ሳይቀር መጥቶ አየው። ሥራ አስኪያጁ መስኮቱ ድረስ ወጥቶ «እኛ ብቻ አይደለንም፤ ማንም ባንክ አይገዛዎትም፤ አይድከሙ» አለኝ በትሕትና። ትሕትናው ይበልጥ አስፈራኝ። ሐኪም እንዲህ ሲናገር አውቃለሁ።

ከዚያ የውጭ ገንዘብ መመንዘሪያ ገባሁ። ከመስተዋት ጀርባ የተቀመጡት ሽማግሌ ገንዘቡን በማጉያ አዩት፣ በብርሃን አዩት፣ አሸተቱት።

«ሐሰተኛ ነው?» አልኳቸው።

«ኧረ እውነተኛ ነው። ችግሩ እሱ አይደል! ሐሰተኛ ቢሆን ፖሊስ ይወስደው ነበር። እውነተኛውን ግን ማን ይውሰድልሽ?» ሳቁና የማልስቅ መሆኔን ሲያዩ ተዉት። «ስሚኝ ልጄ። እዚያው አገሩ ድረስ ብትወስጂው ሁለት ሸሚዝ ይገዛልሽ ይሆናል። እዚህ የሚገዛሽ ተስፋ ያለው ሰው ብቻ ነው። ባልሽ የገዛው ከማን ነው? እንዲህ ያሉ ገዢዎችን ሻጩ ያውቃቸዋል።»

ደቂቃ ሱቁ ውስጥ ዓይኑ ላይ የሰዓት መነጽር ሰክቶ አገኘሁት። ነገሩን ስነግረው አልደነገጠም።

«እኔ ሻጭ እንጂ ገዢ አይደለሁም፣ እትዬ» አለ። «ግን ዕድልሽ ጥሩ ነው። ዐሥር ሰዓት ላይ አንዲት ሴት ልትገዛ ትመጣለች። ከኔ ከምትገዛ ካንቺ ትግዛ፤ ለእኔ ትንሽ ነገር ትቆርጪልኛለሽ። የክሊኒኩን ይሞላልሻል።»

«ምን ልበላት?»

«እውነቱን! ስድስት ዓመት ይዤዋለሁ፣ ባሌ ታሞ ነው እንጂ አልሸጠውም ነበር፣ ሆዴ እየተቃጠለ ነው በያት። ውሸት አለው?»

«የለውም።»

«በቃ። ባንክ ያሉሽን ማን ጠየቀሽ?»

መከዳውን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሰዓት ይላሉ፤ ዐሥር ሰዓት መቼ እንደሆነ እንኳ አላወቅኩም።

ሴትየዋ ስትገባ አቀርቅራ ነበር። ከእኔ በጥቂት ዓመት ታንሳለች። የሆቴል ልብስ አጣቢ ናት፤ ጣቶቿ በበረኪና ተሰነጣጥቀዋል። ሆቴሉ ማሽን ገዝቶ አሰናበታቸው፤ የተሰጣትን የስንብት ገንዘብ በፖስታ ይዛ መጥታለች። ደቂቃ ወንበር አቀረበላት። ገንዘቡን ሳሳያት በጣቷ ጫፍ ዜሮዎቹን ነካች፤ እንደ እኔ ያን ጊዜ እየቆጠረች።

«ስድስት ዓመት ይዤዋለሁ» አልኩ። «ባለቤቴ ታሞብኝ ነው።»

«እግዚአብሔር ይማርልዎት» አለች። «ሲያሳዝን!»

«ከባድ ነው እንጂ» አለ ደቂቃ። «እጇ ላይ እያለ ዋጋው ሊነሣ ሲል።»

ፖስታውን ከፈተች። ክሊኒኩ ታየኝ፤ ነጭ አልጋ፣ ዓይኑ ላይ ፋሻ፣ ፋሻው ሲፈታ እኔን ሲያየኝ። አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። በዕድሜዬ አንድም ቀን የተሳካልኝ ነገር አይደለም እንጂ።

ፖስታውን እንደያዘች ቆም አለች።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይሄ ነገር ቤትዎ እያለ እንቅልፍ ይወስድዎት ነበር? እኔ ፈሪ ነኝ፤ ልጆቼ ይስቁብኛል።»

ደቂቃ ከጀርባዋ በዓይኑ ተማጸነኝ። ምላሴን ነከስኩ። ግን እንዲያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው በሕይወቴ አልነበረም።

«አንድም ቀን አልተኛሁም» አልኳት። «ዛሬም ሁለት ባንክ ገብቻለሁ፤ አይገዙትም። መመንዘሪያውም አይገዛም። የሚገዛው አንቺን የመሰለ ሰው ብቻ ነው። አንቺም የምትሸጪው ካንቺ ለባሰባት ነው።»

ያመሰገነችኝ ይመስላችኋል? ፊቷ ጠቆረ።

«ታዲያ ለምን ነገሩኝ?» አለች። «ከስንት ጊዜ በኋላ ዛሬ ደስ ብሎኝ ነበር የወጣሁት።» ፖስታዋን ጡት መያዣዋ ውስጥ ከትታ ወጣች።

«በሽተኛ!» አለኝ ደቂቃ። «የባልሽን ዓይን በገዛ አፍሽ አጠፋሽው። ውጪልኝ!»

ስወጣ ሴትየዋ መንገዱን ተሻግራ ቆማ ነበር። አላየችኝም። የምታየው የሱቁን በር ነው። የእኔን መሄድ ትጠብቅ ይሁን ታክሲ ትጠብቅ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ልመለስ አሰብኩ፤ እግሬ ግን እንቢ አለኝ። አሁንም አንዳንድ ሌሊት እዚያ መንገድ ዳር ቆማ አያታለሁ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ጓዳው ውስጥ ወረቀቱ ፊት ተቀምጧል። ልጄ ማስመሪያውን ይዛለች። መከዳውን ብብቴ ሥር ሲያይ ነገሩ ገባው።

«አልገዙም?»

«ልትገዛ የነበረች ሴት ነበረች። ነገርኳት።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም።»

ተነሣ፤ ተቀመጠ። «አንድ ቀን!» አለ። «ለአንድ ቀን እንኳ አፍሽን መያዝ አቃተሽ? ይኼ ቤት በምን ሊበላ ነው?»

«አባዬ፣ ተዋት» አለች ልጄ። እስከ ዛሬ በእኔ የምትስቅ ልጅ ያን ጊዜ አልሳቀችም።

ከዚያ ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ሌላ ምንም እንዳልቀረልን ሁሉ፣ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠጋ። «በይ ነይ» አለ ቀስ ብሎ። «እሱን አምስተኛውን ጥሪልኝ። እሱን ከያዝኩ አልፋለሁ።»

ያቺን ፈሪ ሴት አሰብኩ። በየፌርማታው የሚቆመውን ሰው አሰብኩ፤ እንደ እሷ መጥቶ ሾፌሩ ያያል ወይ ብሎ የማይጠይቀኝን።

ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ነቀልኩት። ማሽኔ አጠገብ ኪሱ ያላለቀ የደምበኛ ሱሪ ነበር፤ ወረቀቱን ገልብጬ ኪስ ለካሁበትና በመቀስ ቆረጥኩት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ወረቀት አጥቼ ነው።»

«አምስተኛውስ?»

«ረሳሁት» አልኩት።

ሰኞ ዕለት የአውቶቡሱን ቁልፍ ራሱ አስረከበ። ከእኔ ጋር አራት ቀን አልተነጋገረም። አሁን ጋራዡ በር ላይ ነው የሚሠራው፤ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ደመወዙ ግማሽ ነው፤ የሆስፒታሉ ተራ ገና ሰባት ወር ይቀረዋል። እስከዚያ ሞራው ይብስበት ይሆን፣ በሩ ሲዘጋ ጣቱን ይይዘው ይሆን እያልኩ እውላለሁ። የበሩ ወንበር ብረት ስለሆነ መከዳውን ይዞ ነው የሚሄደው። ውስጡ ያለውን አላወጣንም። ጠዋት ጠዋት ብብቱ ሥር ሲያደርገው «ሚሊዮኔን አቀብዪኝ» ይለኛል፤ እኔም አቀብለዋለሁ።

አምስተኛውን መስመር ሌላ ጊዜ አልጠየቀኝም። ቀኝ፣ ላይ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች፣ ግራ ነው። አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም።